የካምሻፍቱ ሁለት ምልክቶች

አሥራ ስድስት ዓመት የፊዚክስ ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ አንድም ዕቃ ሰብሬ አላውቅም። ተማሪ ሰብሮ ይሆናል፤ እኔ ግን አልሰበርኩም። በዚህ እኮራ ነበር፤ ጉድ የሠራኝም ይኸው ኩራቴ ነው። ነገሩ ካለፈ ወራት ቢሆነውም ኮተቤ መሥመር ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዤ ስቆም ትዝ ይለኝና ብቻዬን እበሽቃለሁ። አንድ ቀን ከፊቴ የቆመች ሴትዮ ዞር ብላ "ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት?

መኪናዬ አሮጌ ናት፤ ቢሆንም ዘጠኝ ዓመት ሥራ አድርሳ መልሳኛለች። ባለፈው መስከረም ወደ እንጦጦ ስወጣ ዳገቱ መሃል ላይ የሙቀት መለኪያው ጣራ ነካ፣ ከፊት ለፊት ነጭ ጭስ ተትጎለጎለ፣ ቆመች። እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች ደግሞ "አይዞሽ እህቴ" እያሉኝ አለፉ። ያን ሁሉ ሸክም ጀርባቸው ላይ ጭነው እኔን ያጽናኑኛል! አፈርኩም፣ ተናደድኩም። በገመድ ተጎትታ የካ ተራራው ሥር ያለው ግቢዬ ስትገባ ሰፈሩ በሙሉ በር ላይ ወጥቶ አየኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሼ መጡ። ጋሼ የምላቸው የክርስትና እናቴን ባል ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ጋራዥ የሠሩ መካኒክ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ እጃቸው አያርፍም። የክርስትና እናቴ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ከዚያ የመፍቻ ሳጥናቸውን ከፍተው አንዱን ይወለውላሉ፣ አንዱን ዘይት ይቀባሉ፣ የሚጠግኑት ነገር ይፈልጋሉ። የሚጠገን ሲያጡ ደግሞ ደህናውን ይፈታሉ። የመኪናዬን ኮፈን ከፍተው ጎንበስ ብለው አሸተቱና "ጓርኒሲዮኗ ተቃጥሏል። ቴስታታው ይወርዳል፤ እኔ ነኝ የማወርደው" አሉ። የሞተሩን ራስና ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ ማለታቸው ነው። "ኧረ ጋሼ፣ አይልፉ፤ ጋራዥ እወስዳታለሁ" ስላቸው "ጋራዥ? እኔ ምን ሆኜ?" ብለው ተቆጡ። ስለ ክፍያ አፌን ስከፍትማ ሊቀየሙኝ ምንም አልቀራቸውም።

ልጃቸው የገባበት እዚህ ላይ ነው። ያላቸው አንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው፤ ሲግናል ሰፈር ሱቅ አለው። እኩያዬ ነው፣ አብረን አድገናል፣ ክፉ ሰው አይደለም። በአባቱ ነገር ግን ፍርሃት ገብቶታል። ጋሼ የዓይን ሞራ ተነሥቶላቸዋል፤ ቀኝ እጃቸውም አልፎ አልፎ ይንቀጠቀጣል። ከጥቂት ወራት በፊት ሰፈር ውስጥ አንድ ጋራዥ ሲያግዙ በዋሉበት ቀን አንድ መኪና የጎማው ቡሎን ሳይጠብቅ ወጣ ተባለ። ማን እንዳላጠበቀው የሚያውቅ የለም። ሽማግሌው እሳቸው ስለሆኑ እሳቸው ላይ ተላከከ። ልጅየው የኔን መኪና መጀመራቸውን ሲሰማ ግቢዬ ድረስ መጥቶ፣ እኔው ፊት፣ "አባባ፣ ይቺ የመጨረሻዎ ናት" አላቸው። "ይቺ ሞተር ከተነሣች ሳጥኑ እርስዎ ጋ ይቆያል፤ ዳግመኛ አልናገርም። ካልተነሣች ግን እወስደዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ መፍቻ የሚባል አይነኩም። ሰው ሳይሞትብን።"

ጋሼ "ይሁን" አሉ። እየሳቁ ነው ያሉት፤ ግን በእጃቸው የያዙትን ጨርቅ ጭምድድ አድርገው ሲጨብጡት አይቻለሁ። ያ ሳጥን ከሄደ ቀኑን በምን እንደሚገፉት ልጅየውም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሬዲዮ ከፍቶ ግድግዳ ማየት ነው የሚቀራቸው።

ሥራው ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ሄደ፣ ተስተካክሎ መጣ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባለት። የኔ ድርሻ ማቀበል ነው። "አሥራ አራት ቁጥር!" ይላሉ፤ አቀብላለሁ። "ይሄ አሥራ አራት ነው እንዴ? አሥራ ሁለት ነው ያልኩሽ!" ይላሉ። ያሉት አሥራ አራት ነው፤ በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጥርሴን ነክሼ እቀይራለሁ። ሥራ ላይ ወሬ አይወዱም፤ ስልክማ ጭራሽ። እንደዚህ ዓይነት ሞተር የሚገጥም ሰውዬ ቪዲዮ አግኝቼ ላሳያቸው ብል "እሱ ሰውዬ የኔን ሞተር አይቶታል?" ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። የኔን ሞተር! መኪናዋ እኮ የኔ ናት። ደሜ ፈላ፤ ግን ምን እላለሁ? በነጻ የሚሠራላትን ሰው ሴት ልጅ ምን ብላ ትቆጣለች?

ሞተር ሲገጠም አንድ የማይቀለድበት ቦታ አለ። ታች በኩል ፒስተኖቹን የሚያወጣና የሚያወርድ ዘንግ አለ፤ ላይ ደግሞ ካምሻፍት የሚባለው፣ ቫልቮላዎቹን ተራ በተራ የሚከፍትና የሚዘጋ። ሁለቱን የሚያስተሳስራቸው ቺንጋ፣ ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ፣ ነው። ቺንጋው ከመግባቱ በፊት የላዩም የታቹም ጥርሳም ብረት ላይ ያለው ምልክት ሞተሩ አካል ላይ ካለው ምልክት ጋር ፊት ለፊት መግጠም አለበት። ሁለት ሦስት ጥርስ ከተዛነፈ ቫልቮላው ሳይዘጋ ፒስተኑ ይደርስበትና ይላተማሉ። በኔ ዓይነቱ ሞተር ላይ ያ ከሆነ ቫልቮላው ይጣመማል፤ ቴስታታው እንደገና ይወርዳል፤ ሁሉም እንደገና ከሀ ይጀመራል።

ሦስተኛው ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ደረስን። ጋሼ የታቹን ገጠሙ። የላዩ ብረት ላይ ግን ሁለት ምልክት አየሁ፤ አንዱ ትንሽ ክብ ቀዳዳ፣ ሌላው የተቀረጸ ጭረት። በሁለቱ መካከል ሦስት ጥርስ አለ። ጋሼ አፍንጫቸው ብረቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው፣ አንገታቸውን ዘመም አድርገው፣ ጭረቱን ከሞተሩ ምልክት ጋር አገጠሙት። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ያገጠመው ደግሞ ቀዳዳውን ነው። "አላዩትም" አልኩ በሆዴ። "ቀዳዳውን አላዩትም።" እጃቸው ያን ዕለት ከወትሮው ይበልጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥርሱን ሲቆጥሩ እንደ ልማዳቸው በኦሮምኛ ነው፤ "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ" ይላሉ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፤ ከዚያ ቆም ብለው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣሉ። ቁጥሩ ጠፋባቸው ብዬ ደመደምኩ።

በይ እንግዲህ ንገሪያቸው። እንዴት ብዬ? የክርስትና እናቴ ባል፣ ሦስት ቅዳሜ ወገባቸውን ያጎበጡልኝ ሰው፣ የገዛ ልጃቸው "አያዩም" እያለ የሚያሳጣቸውን ሰው፣ እኔም ተጨምሬ "ጋሼ፣ አላዩም" ልበላቸው? ዙሪያውን ሞከርኩ። "ጋሼ፣ ባትሪ ላብራልዎ?" አልኳቸው። "ፀሐይ ወጥቶ የምን ባትሪ ነው?" አሉ። ትንሽ ቆየሁና "ጋሼ፣ መነጽርዎን ላምጣልዎ?" አልኩ። "መነጽሬ ዓይኔ ላይ ነው፣ አንቺ ልጅ!" ብለው አፈጠጡብኝ። እውነትም አድርገውታል። ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ። የጨዋ ዝምታ ግን አልነበረም፤ ውስጤ ይንጨረጨር ነበር።

ቺንጋውን አስገብተው፣ እሱን የሚወጥረውን ወጣሪ አጥብቀው ሲጨርሱ ታች ያለው ዘንግ ላይ መፍቻ አስገቡና ሞተሩን በእጃቸው፣ ቀስ እያሉ፣ ሁለት ጊዜ ሙሉ አዞሩት። ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ጣል አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ነው ያዞሩት። "ይኸው፣ ቫልቮላው ፒስተኑን አይነካም" አሉ። እኔ ልብ ብዬም አልሰማኋቸው፤ ዓይኔ ቀዳዳው ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ነው "ወረቀቱን ብቻ አትመኑ፣ ዕቃው የሚነግራችሁን አድምጡ" ያልኩት? ለሰው ሲሆን አፍ አለኝ።

ሰባት ሰዓት ገደማ የጋሼ ስልክ ጮኸ። ከዕድራቸው ነው፤ ከታች ሰፈር አንድ ሰው አርፎ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እጃቸውን በዱቄት ሳሙና እያሹ ታጠቡ፣ ጋቢያቸውን ደረቡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው "የቺንጋውን ሽፋን ስመለስ እከድነዋለሁ። እንዳትነኪው" አሉኝና ወጡ።

ሞተሩ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ልጅየው ይመጣል። ቁልፉ ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሣም፣ ሳጥኑ ይሄዳል። እኔ ደግሞ እያወቅኩ፣ አፌን ይዤ፣ ዳር ቆሜ ላየው ነው? ለሳቸው ብዬ ነው የነካሁት፤ ይሄ እውነት ነው። ሌላም እውነት አለ። ልክ መሆኔን ማየት ፈልጌ ነበር። ሦስት ቅዳሜ "አሥራ ሁለት ነው ያልኩሽ" ስባል ከርሜያለሁ።

በአሥራ አራት ቁጥር መፍቻ ወጣሪውን አላላሁ። ቺንጋውን ከላዩ ብረት ላይ አወለቅኩ። ቪዲዮውን ከፍቼ ስልኩን የመኪናዋ ባትሪ ላይ አስደገፍኩና ብረቱን በመፍቻ ይዤ ቀዳዳው ምልክቱ ፊት እስኪቆም ድረስ አዞርኩት። መሃል ላይ ጠንከር አለኝ። የቫልቮላው ስፕሪንግ ነው ብዬ ገፋሁት። ሦስት ጥርስ። ደጋግሜ ቆጠርኩ፤ እኔ ቁጥር አይጠፋኝማ! ቺንጋውን መለስኩ፣ ወጣሪውን አጠበቅኩ። ሞተሩን በእጅ ሁለት ጊዜ ማዞሩን ረሳሁት እንዳልል አልረሳሁትም፤ ከነጭራሹ ለምን እንደተደረገ አልገባኝም ነበር። ከዚያ የነካካሁት እንዳይታወቅ ሽፋኑን ራሴ ከደንኩት። አምስት ቡሎን ነው ያለው፤ አምስቱንም አጠበቅኩ። እጄን ታጥቤ ደረጃው ላይ ቁጭ ስል፣ አታምኑኝም፣ ዕፎይ አልኩ።

ጋሼ አሥር ሰዓት አልፎ ከቀብር ተመለሱ። ወደ መኪናዋ ሄዱና ቆሙ።

"ማን ከደነው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ። አቧራ እንዳይገባ ብዬ ነው።"

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልኳቸው። መዳፋቸውን ሽፋኑ ላይ አሳረፉት። አውራ ጣታቸው አንዱን ቡሎን አገኘና እሱ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ረጅም ጊዜ አዩኝ።

"አጥብቀሽዋል?" አሉ።

"አጥብቄዋለሁ።"

"ጎበዝ። እንግዲያው ይሁን" አሉና የቀረውን ሊገጣጥሙ ጎንበስ አሉ። ውሃ ሞሉ፣ ዘይት ሞሉ፣ ካንዴላዎቹን መለሱ።

እሑድ ረፋድ ላይ ልጅየው መጣ። ጋሼ ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ከቅዳሴ ቀጥታ ነው የመጡት። የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው አማተቡና ቁልፉን አዞሩ። ድምፁን እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ሞተሩ ግማሽ ዙር ሄደና ከውስጥ "ቀጭ" አለ፤ ብረት ብረትን ሲነክስ። ልጅየው "ባትሪው ይሆናል፣ ይድገሙት" አለ። ደገሙት። "ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቋ!" ሞተሩ ቀጥ አለ። ጋሼ ቁልፉን ነቅለው ወረዱ።

አምስቱን ቡሎን ፈቱ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ይሄን ነው የማልረሳው፤ ምንም አልተንቀጠቀጠም። ሽፋኑን አነሱ። ጣታቸውን ምልክቱ ፊት ያለው ቀዳዳ ላይ አደረጉ። ከዚያ ወደ ጭረቱ ሄዱ፤ "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ።" ቀና ሲሉ እኔን አላዩኝም። ልጃቸውን ነው ያዩት።

"ዓይኔ ነው" አሉ። "ምልክቱን ስቼዋለሁ።"

ወይኔ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት። ለካ እንደዚህ ያለ ነገር ሲመጣ አፍ ይከፈታል። "እኔ ነኝ!" ብዬ ጮህኩ። "እሳቸው በትክክል ገጥመውት ነበር። ቀብር ሲሄዱ እኔ ነኝ ያዛወርኩት። አንተ፣ ስማኝ፣ እኔ ነኝ!"

ልጅየው አየኝ። ዓይኑ እንባ ሞላ። "ተይ እባክሽ" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ምኑን ነው የምተወው? እኔ ነኝ ያበላሸሁት እያልኩህ!"

"ለሳቸው ብለሽ ነው፤ ይገባኛል። እማዬም እንዲህ ነበረች። እሳቸው ያጠፉትን ሁሉ ራሷ ላይ ታደርገው ነበር።"

ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮውን አሳየሁት። "ይኸው፣ ይሄን አይቼ ነው!" አልኩት። "ለኔ ሞተር ሁሉ አንድ ነው" አለኝ። ማልኩለት። በማልኩ ቁጥር እሱ ይበልጥ ያመሰግነኛል፤ እንዲያውም ትከሻዬን ይዞ "እግዜር ይስጥሽ፣ እንዳንቺ ያለ ሰው አይጥፋ" አለኝ። በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ። ሕይወቴን ሙሉ ሰው እንዳይቀየመኝ ስዋሽ ሁሉም አምኖኛል፤ አንድ ቀን እውነቱን ብናገር ይሉኝታ ነው ተባልኩ። "ጋሼ፣ ይንገሩት እንጂ!" ብዬ ወደሳቸው ዞርኩ።

"ተዪው ልጄ" አሉ ጋሼ። "እሱ የሚያየውን አይቷል።"

ሳጥኑ ከባድ ነው። ልጅየው ብቻውን ሊያነሣው ሲታገል ጋሼ ራሳቸው በአንዱ እጀታ ያዙለትና መኪናው ድረስ አብረው ወሰዱት። "ቤትዎ ላድርስዎ" ቢላቸው "በእግሬ እሄዳለሁ" አሉት። ልጅየው ሄደ።

ሁለታችን ቀረን። ጋሼ መሬት ላይ የተበተኑትን ቡሎኖች ለቅመው ጣሳ ውስጥ ይጨምራሉ። ንዴቴ አሁን እሳቸው ላይ ዞረ። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ያጠፋሁት እኔ፣ የምቆጣው እኔ።

"ለምን ዋሹ?" አልኳቸው።

"ምን ልበለው? ይቺ ልጅ አላመነችኝም ልበለው?"

"ቀዳዳውን ያላዩት መስሎኝ ነው" አልኩ።

"አይቼዋለሁ። ይቺ ብረት ለሁለት ዓይነት ሞተር ነው የተሠራችው። ቀዳዳው የሌላኛው ነው፤ ጭረቱ ያንቺ ነው። እንዳይምታታብኝ ብዬ ነው ሦስት ጊዜ የቆጠርኩት።" ይሄን ሲናገሩ ቁጣ የለባቸውም፤ ሥራ ለሚያስተምሩት ሰው እንደሚያስረዱ ሆነው ነው። "ብትጠይቂኝ ኖሮ" አላሉኝም። ባሉኝ ይሻለኝ ነበር።

"ትናንት ከቀብር ሲመለሱ ጠርጥረው ነበር፣ አይደለም?"

"ጠርጥሬ ነበር። ወጣሪውን ካልነካሽ የአሥራ አራት ቁጥሩ መፍቻ ምን ሊያደርግ ወጥቶ ይቀመጣል።"

"ታዲያ ምነው ከፍተው ቢያዩት!" ጮህኩባቸው፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮህኩባቸው። "አምስት ቡሎን እኮ ነው ጋሼ! ሳጥንዎ ሊሄድ፣ እያወቁ! ከፍተው ቢያዩት ምን ነበረበት?"

ጣሳውን አስቀመጡና ቀና አሉ። የገረማቸው ይመስላሉ።

"አንቺ የከደንሽውን?" አሉኝ።